የሚጢ ተራ

ጥር 16

ይድረስ ለሚጢ አባት፤

ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጀምርም። ደህና ብትሆን ኖሮ ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ብለህ ቆይተህ ድንገት ባልጻፍክ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴን አልፎ አልፎ ያመኛል፣ ክር ለማስገባትም መነፅር ያስፈልገኛል፤ ከዚህ ሌላ የሚነገር የለኝም።

ስልክ ቁጥርሽን ላኪልኝ ያልከኝን አልልክልህም። ተቀይሜህ አይደለም። ድምፅህ ጆሮዬ ውስጥ ያለው ከሷ ድምፅ ጋር ተያይዞ ነው፤ አንተ «ሃሎ» ስትል እሷ ከኋላህ የምትስቅ ይመስለኛል። በወረቀት ይሻላል። ወረቀት አይስቅም።

የጠየቅከኝን በተመለከተ፣ አዎ፣ ሰማያዊው ደብተር እኔ ጋ ነው። ከቤት ስወጣ ይዤው መውጣቴን እያወቅህ «ምናልባት አንቺ ዘንድ ይኖር ይሆን» እያልክ ምን ዙሪያ ጥምጥም ያስኬድሃል? ቁም ሣጥን ውስጥ ከሹራቧ ሥር አስቀምጬዋለሁ። እሷ ከሄደች ወዲህ ገልጬው አላውቅም። አቧራውን እጠርጋለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። እስከዛሬ ያልፈለግኸውን ደብተር አሁን ለምን ፈለግኸው? «ለሥራ ጉዳይ» ብለህ አትለፈኝ። የሞተች ልጅ ደብተር የሚፈለግበት ሥራ ምን ዓይነት ሥራ ነው?

የት ነው የምትሠሪው ብለሃል። ልብስ ፋብሪካ ነኝ፣ ጥልፍ ክፍል። ምን እንደምጠልፍ ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ፤ ዛሬ አልፈልግም።

የሚጢ እናት

የካቲት 1

ይድረስ ለሚጢ እናት፤

እንዲህ ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት፣ መልሼም ጻፍኩት። ሌላ ምን ብዬ እንደምጠራሽ ግን አላውቅም። እሷ ከተወለደች ጀምሮ አንቺም ስሜን ጠርተሽው አታውቂም፤ እሷ ብትሄድም ስሙ እኛው ላይ ቀረ።

ጉልበትሽን በማመሙ አዝናለሁ። ደረጃ አታብዢ። እኔ አንዲት ክፍል ተከራይቼ የሱቅ ማስታወቂያ እጽፋለሁ። ባለፈው ሳምንት ለጥርስ ሐኪም አንድ ትልቅ ጥርስ ሳልኩ፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ «ድንች ቤት ተከፈተ» እያለ ይገባል አሉ። ሐኪሙ እስካሁን አልሳቀም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። የእግር ኳስ ክለቡን ታውቂዋለሽ፤ የማያውቀው የለም። አርማው ላይ ያለችው ወፍ ሥራዬ ናት። ማተሚያ ቤታችን ሊዘጋ ሁለት ወር ሲቀረው፣ አንቺ ገና ከመሄድሽ በፊት፣ የክለቡ የሽያጭ ኃላፊ መጥቶ ለደጋፊዎች ቲሸርት የሚሆን ምስል ጠይቆኝ ነበር። ሰጠሁት። የከፈለኝ የአንድ ቀን የማተሚያ ዋጋ ነው። የሥዕሉ ባለቤት ማን እንደሆነ አንድም ቃል አልተጻፈም፤ «ክለባችን ሲያድግ አንረሳህም» አለኝ፣ እኔም አመንኩት። ክለቡ አደገ። እኔን የሚያስታውስ ሰው ግን ቢሮው ውስጥ አልተገኘም።

አሁን ወፏ ማሊያ ላይ ናት፣ ስካርፍ ላይ ናት፣ ጃንጥላ ላይ ናት። የሕፃን ጡጦ ላይ ሳይቀር አይቻታለሁ። ለጠበቃዬ ማስረጃ እንዲሆን የገዛ ሥራዬ ያለበትን ኮፍያ በገንዘቤ ገዛሁ፤ ሻጩ «ቅናሽ የለም» አለኝ።

ደብዳቤ ጻፍንላቸው። «በራሳችን ባለሙያዎች የተሠራ ነው» የሚል መልስ መጣ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ማለት ይህ ነው። ጠበቃዬ የመጀመሪያውን ንድፍ አምጣ አለኝ፣ ቀን የተጻፈበትን። ገጹ ሁሉ ጥግ ላይ ቀን የምጽፍበትን ልማዴን ታውቂያለሽ። የወፏ የመጀመሪያ ንድፍ ያለው እዚያ ደብተር ውስጥ ነው። ሌላ ማስረጃ የለኝም። እባክሽ ላኪልኝ፤ በክብር እመልስልሻለሁ።

የሚጢ አባት

የካቲት 14

ይድረስ ለሚጢ አባት፤

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ የኮፍያው ነገር አሳቀኝ። ሁለተኛ ሳነበው አልሳቅኩም።

ምን እንደምጠልፍ ሌላ ጊዜ እነግርሃለሁ ብዬህ ነበር። ያቺን ወፍ ነው። ክለቡ ዋንጫ ከበላ ወዲህ ትዕዛዙ ሁሉ ወደኛ ፋብሪካ ዞሯል። ጨርቁን በመወጠሪያው ወጥሬ ማሽኑ ሥር አስገባለሁ። መርፌው ከመንቁሯ ይጀምራል፣ ከዚያ አንገቷ፣ ከዚያ ክንፏ፣ መጨረሻ ላይ እግሯ ይመጣል። አንድ እግር፣ ሦስት ጣት፣ እንደ ሹካ። እዚያ ሲደርስ ማሽኑ ቀጥ ይላል። ክሩን በመቀስ እቆርጥና ሌላ ጨርቅ እወጥራለሁ። ከጠዋት እስከ ማታ እንዲህ ነው የምውለው።

የመጀመሪያ ቀን አለቃችን ናሙናውን ስታሳየኝ ወንበሩን ደገፍ አልኩ። ያንን እግር የት እንደማውቀው ታውቃለህ። ልጄ እግር ስትስል ሹካ ነው የምትስለው፤ የሰው ይሁን፣ የዶሮ ይሁን፣ የጠረጴዛ ሳይቀር። አጠገቤ የምትሠራው ለፍላፊዋ «ምነው ፊትሽ ነጣ?» አለችኝ። ቁርስ ስላልበላሁ ነው አልኳት። ዳቦዋን ቆርሳ ሰጠችኝ፤ እንዳላሳፍራት ብዬ በላሁት።

ሽጠሃት ነው ብዬ ነበር የማስበው። ስምንት ወር ሙሉ መርፌው በወረደ ቁጥር ስረግምህ ከረምኩ። አሁን በአንድ ቀን ዋጋ መሆኑን ስሰማ ደግሞ ለርግማኑም አዘንኩ።

ማሽኑ ቀጥ የሚልባትን ቅጽበት እፈራታለሁ። ድምፁ ሲቋረጥ ከኋላዬ ሰው የቆመ ይመስለኛል፣ አጭር ሰው፣ ትከሻዬ ጋ የማይደርስ። ዞር አልልም። ብዞር ማንም እንደሌለ አውቃለሁ፤ የምፈራውም እሱን ነው።

«አንድ ላንተ፣ አንድ ለኔ» የምትሉት ጨዋታችሁ አልጠፋኝም። አንድ መስመር አንተ፣ አንድ መስመር እሷ፣ ሥዕሉ እስኪያልቅ። ያለተራው እርሳስ ያነሣ «ሌባ!» ይባላል። ስንት ጊዜ ፊቴ ሌባ ተብለሃል፤ እኔም ዳኛ ሆኜ ስንት ጊዜ ፈርጄብሃለሁ።

ስለዚህ ንገረኝ። ከዚያች ወፍ ላይ የትኛው መስመር ያንተ ነው፣ የትኛው የሷ? ደግሞስ ጥግ ላይ የጻፍከው ቀን የትኛው ቀን ነው?

የሚጢ እናት

የካቲት 27

ይድረስ ለሚጢ እናት፤

አንቺ ያንን እየጠለፍሽ እንደምትውይ አላወቅሁም። ማልልሻለሁ፣ አላወቅሁም። ባውቅ ኖሮ እንዲህ እንደ ዋዛ አልጽፍልሽም ነበር። ይቅርታ አድርጊልኝ።

ጨዋታውን አስታውሳለሁ። ግን ሥዕል ሲባል ብዙ ነገር አለው። መስመሩን ያጠራሁት፣ መጠኑን ያስተካከልኩት፣ ለማተሚያ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ወፎች ደግሞ ውሃ ዳር በአንድ እግር ይቆማሉ፤ ማንም የሚያውቀው ነገር ነው። ለጠበቃዬም የነገርኩት ይህንኑ ነው። ቀኑ ያው የድሮ ቀን ነው፣ ምን ያደርግልሻል? ጠበቃዬ «ሥዕሉ ላይ የሌላ ሰው እጅ ካለበት ወራሽ ይጠራል፣ ፊርማ ይፈለጋል፣ ነገሩ ይወሳሰባል፤ ብቻዬን ሳልኩት በልና ተገላገል» ብሎኛል። የድርድሩ ቀጠሮ መጋቢት 29 ነው። ያለ ደብተሩ ባዶ እጄን ነው የምገባው።

አከራዬ ሴትዮ ኮፍያውን ነጥቃኝ እሱን አድርጋ ልብስ ታሰጣለች። ሰባ ዓመቷ ነው፣ ኳስ ሲኖር ከሬዲዮው ጋር ትጣላለች። ትናንት ኮፍያውን አውልቃ ወፏን ትክ ብላ አየቻትና «ምስኪን! ሁለተኛውን እግሯን ለማን አበድራው ነው?» አለችኝ። እኔም ሳቅኩ። ክፍሌ ገብቼ አልጋው ላይ ተቀመጥኩና እስኪመሽ መነሣት አቃተኝ።

ይህን ለሰው አታውሪ እንጂ ከዚያች ወፍ ወዲህ ሌላ ወፍ መሳል ተስኖኛል። አንድ ዶሮ ነጋዴ ለሱቁ ዶሮ ሳልልኝ አለኝ። አንዱን እግር ሳልኩ፣ ወደ ሁለተኛው ስሄድ እጄ እምቢ አለ። ሣር ሳልኩና ዶሮዋን እዚያ ውስጥ አስቀመጥኳት። ሰውየው «እንቁላል ልትጥል ነው እንዴ?» አለኝ።

እባክሽ። ቀኑ እየደረሰ ነው።

የሚጢ አባት

መጋቢት 5

ለሚጢ አባት፤

ደብተሩን ገለጥኩት።

ልልክልህ ነበር፤ ከመላኬ በፊት አንድ ጊዜ ልየው ብዬ ነው። የድመቶቹን ገጽ አለፍኩ፣ አንተን በትልቅ ጆሮ የሳለችበትን አለፍኩ፣ መጨረሻው ላይ ወፏ አለች። ከሷ በኋላ ያለው ሁሉ ባዶ ነው። ጥግ ላይ በእጅህ የጻፍከውን ቀን አየሁት። «ያው የድሮ ቀን» ያልከውን።

የሞተችበት ቀን ነው። ያን ቀን አንሶላ ላመጣ ከሆስፒታል ወደ ቤት ሄጄ ነበር። ስመለስ የክፍሏ በር ላይ ቆመህ አገኘሁህ። ምን አለች ብዬ ጠየቅኩህ። «ምንም አላለችም፣ ተኝታ ነው የዋለችው» አልከኝ። ተኝታ የዋለች ልጅ እንዴት ወፍ ትስላለች?

በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም ብለህ ስድስት ዓመት ዘጋኸው። ከዚያ ቤት ያስወጣኝ የሷ ሞት አይደለም፣ ያ ዝምታህ ነው። ልትነግረኝ የሚገባ ነገር ጉሮሮህ ላይ እንዳለ ባየሁ ቁጥር አንተ ስለ ቀለም ዋጋ ታወራልኝ ነበር።

እውነቱን ጻፍልኝ። ካልጻፍክ ደብተሩ ከሹራቧ ሥር አይወጣም፤ ክለቡም ይብላው፣ አንተም ቅር።

መጋቢት 12

ይድረስ ለሚጢ እናት፤

እውነትሽን ነው። እጽፈዋለሁ፣ አንዴ ከጀመርኩ እንዳላቆም ሰላምታውን ትቼዋለሁ።

አንቺ ስትወጪ ነቅታ ነበር። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አልጋዋ ላይ ደርሳ ነበር። «አባ፣ ወፍ እንሥራ» አለችኝ። እንደ ልማዴ ቀኑን ጻፍኩና ጀመርን። መንቁሩ የኔ ነው። አንገቱ የሷ ነው። ጀርባው የኔ፣ ክንፉ የሷ። ደረቱን እኔ ሠራሁ፤ አንደኛውን እግር እሷ ሠራች፣ ያንን ሹካ። እኔ ዓይኑን አደረግኩ። ከዚያ ተራው የሷ ሆነ። የቀረው ሁለተኛው እግር ብቻ ነበር። እርሳሱን ሰጠኋት።

ያዘችው፣ ግን እጇ ደከማት። «አባ ቆይ፣ ትንሽ ልረፍ። ተራዬን እንዳትበላ» አለችኝ።

አልበላም አልኳት። እርሳሱን እንደያዘች ዓይኗን ጨፈነች። እኔም ጠበቅኳት። ፀሐይዋ ከአልጋው ወርዳ ወለሉ ላይ እስክትደርስ ቁጭ ብዬ ተራዋን ስጠብቅ ነበር። ነርሷ መጥታ እጇን ስትይዝ ነው ያወቅሁት። እርሳሱን ከጣቶቿ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ለምን ዋሸሁሽ? እንዳልጎዳሽ ብዬ ነው እያልኩ ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ። የመጨረሻ ቃሏ ስለ ጨዋታ እንጂ ስለ አንቺ ስላልሆነ ቅር እንዳይልሽ። ይህ ሰበብ ነው። እውነቱ ስስት ነው። ያቺን ቃል ለብቻዬ ልይዛት ፈለግኩ። አንቺ የተሸከምሻት ዘጠኝ ወር አለሽ፣ ለኔ ደግሞ ያቺ ከሰዓት በኋላ ትኑረኝ አልኩ። ነውር ነው፤ ግን እንዲህ ነው የሆነው።

ሰውየው ማተሚያ ቤት የመጣ ቀን ደብተሩ ጠረጴዛዬ ላይ ተገልጦ ነበር። በየቀኑ እገልጠው ነበር። አየና «ይቺን ነው የምፈልገው» አለኝ። አይሆንም ማለት ነበረብኝ። ግን እኮ ሥራዋን የማያውቃት ሰው ወደደላት፣ ኮራሁ፣ ልክ ከትምህርት ቤት አንደኛ ወጥታ የመጣች መሰለኝ። «ስንት ልክፈልህ?» አለኝ። ዋጋ ከጠራሁ ልጄን ሸጥኳት ማለት ነው ብዬ ፈራሁ። የማተሚያውን ብቻ ተቀበልኩ። ሞኝነቴን እይልኝ፤ እንዳልሸጣት ብዬ በነፃ ሰጠኋት፤ አሁን ሌሎች ይሸጧታል።

ሁለተኛውን እግር ግን አልነካሁም። ሰውየው «ምነው አልጨረስከውም?» ብሎኝ ነበር። እንዲህ ነው የሚያምረው አልኩት። በዚያ ብቻ ቃሌን ጠብቄአለሁ።

ደብተሩን ባትልኪውም ቅር አይለኝም።

አባቷ

መጋቢት 21

ይድረስ ለሚጢ አባት፤

ደብዳቤህን ከተቀበልኩ አምስት ቀኔ ነው። ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀደድኩ። በአንዱ ሰድቤሃለሁ፣ ያንን ብልክልህ ዛሬ አታነበኝም ነበር። «ተራዬን እንዳትበላ።» ሳነበው በሷ ድምፅ ነው የሰማሁት፣ እንደዚያ ሆዷን ሲያማት የምትጎትተው ድምፅ። ስድስት ዓመት ስለምናት በሕልሜ እንኳ አንድ ቃል ሳትሰጠኝ ቆይታ፣ እነሆ በፖስታ መጣችልኝ። ተናድጄብሃለሁ። አመሰግንሃለሁም። ሁለቱንም አንድ ላይ ውሰዳቸው።

ሌላም የምነግርህ አለ፤ ከሥራ ቀርቻለሁ።

ማክሰኞ ዕለት አለቃችን አዲስ ናሙና ይዛ መጣች። ክለቡ አርማውን አሻሽሎታል፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ነው የምንሠራው አለችን። ብዙም አላየሁትም። ጨርቁን ወጠርኩ፣ አስነሣሁት። መንቁር፣ አንገት፣ ክንፍ፣ እግር። እንደ ልማዴ መቀሴን ይዤ ቀጥ እስኪል ጠበቅኩ። ቀጥ አላለም። መርፌው ወደ ጎን ሄደና ሁለተኛ እግር መሥራት ጀመረ።

ቀዩን ቁልፍ በመዳፌ መታሁት። በመስመር ያሉት ማሽኖች ሁሉ አብረው ቆሙ። አለቃችን እየሮጠች መጥታ «ምን ሆንሽ? ተወጋሽ?» አለችኝ። «ተራዋን በሉባት» አልኩ። ለፍላፊዋ መቀሴን ከእጄ ወሰደችልኝ። ሁለት ሳምንት ያለ ደመወዝ ቤትሽ ተቀመጪ ተባልኩ፤ ከዚያ በኋላ መመለሴን እናያለን ብለዋል።

የጠበቃህን ደብዳቤ ካዩ በኋላ ነው የለወጡት፣ ለኔ ጠበቃ አያስፈልገኝም ይህን ለማወቅ። እግር ጨምረው የራሳቸው ሊያደርጓት ነው። የጨመሩት እግር አራት ጣት አለው፣ ቀጥ ያለ፣ የተማረ እጅ የሠራው ነው፤ ከሹካው አጠገብ ሲቆም የሰው ጫማ ያደረገች ትመስላለች። ግማሹ የተጠለፈበትን ጨርቅ ጉያዬ ከትቼ ወጥቻለሁ። ስርቆት ነው ካሉ እነሱ ስለ ስርቆት ይንገሩኝ።

ደብተሩንም ጨርቁንም ልኬልሃለሁ። በፖስታ አላምንም፤ የለፍላፊዋ ወንድም የአውቶቡስ ሹፌር ነው፣ በእጅህ ይሰጥሃል። እናትና ወራሽ ነኝ የሚለውን ወረቀትም ፈርሜ ውስጡ አድርጌዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ፤ «ብቻዬን ሳልኩት» ካልክ ፊርማዬን ቅደደው። ይወሳሰብ። እሷም እኮ ስትወለድ ቀላል አልነበረችም።

የሚጢ እናት

ሚያዝያ 3

ይድረስ ለሚጢ እናት፤

ያልጻፍኩልሽ ነገሩ እስኪለይለት ብዬ ነው። አሁን ለይቶለታል።

ጠበቃዬ ብቻዬን እንደሳልኩት የሚገልጽ ወረቀት አዘጋጅቶ ጠበቀኝ። አልፈረምኩም። ሁሉን ነገርኩት፣ ጭንቅላቱን ያዘ። ያም ሆኖ እንግባ አለኝ፤ ከገባን በኋላም ከጎኔ አልተለየም።

ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ በመስታወት ውስጥ የተሰቀለች ወፏ። የክለቡ ነገረ ፈጅ ደብተሩን አገላብጦ አየና ፈገግ አለ። «አንድ ባለሙያ ሥራውን ሳይጨርስ ለደንበኛ ይሰጣል? ሁለተኛውን እግር ለምን አልሠራህም?» አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ያዘጋጀሁትን መልስ ተውኩት። «የኔ ተራ አልነበረም» አልኩ። ከዚያ የሆነውን ነገርኳቸው፣ ለአንቺ እንደጻፍኩት። ያ የሽያጭ ኃላፊ፣ አንረሳህም ያለኝ ሰውዬ፣ ሲጠየቅ ደብተሩን ጠረጴዛዬ ላይ ማየቱን አልካደም። ቀና ብሎ ግን አላየኝም። የላክሽው ጨርቅም የራሱን ተናገረ።

ከእንግዲህ ከሚሸጠው ዕቃ ሁሉ ድርሻ ይከፍላሉ፣ ግማሹ ላንቺ፣ ግማሹ ለኔ። ላለፈው ከጠየቅነው ሲሶውን ነው የሰጡን፤ ጠበቃዬ ተቀበል አለኝ፣ ደክሞኝ ነበርና ተቀበልኩ። ይቅርታ አልጠየቁም። ባለ ሁለት እግሯ ከእንግዲህ አትሠራም። አንቺም ወደ ሥራሽ እንድትመለሺ በጽሑፍ አስገብተነዋል።

ከየልብሱ ውስጥ በምትሰፋው ጨርቅ ላይ የሠዓሊው ስም ይወጣል። ማን ብለን እንጻፍ አሉኝ። «ሚጢና አባቷ» ብዬ ጻፍኩ። ጸሐፊዋ «ሙሉ ስም አይሻልም?» አለችኝ። ሙሉው ይሄው ነው አልኳት።

አከራዬ ነገሩን ስትሰማ ኮፍያውን አጥባ፣ ተኩሳ፣ በሁለት እጇ መለሰችልኝ። «እግሯን ለማን አበድራው ነው» ስላለችው አፏን እየመታች ስታለቅስ እኔ ነበርኩ የማባብላት።

ደብተሩን በዚያው ሹፌር መልሼዋለሁ። ውስጡ ትንሽ ወረቀት አለች። በደብዳቤ ልጽፈው አልደፈርኩም።

አባቷ

ሚያዝያ 18

ይድረስ ለሚጢ አባት፤

ደብተሩ በሰላም ደርሷል። በዚህ ጊዜ ከሹራቧ ሥር አላስገባሁትም፤ ጠረጴዛው ላይ ነው።

ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። ለፍላፊዋ ለስድስት ሰው ብቻ ነው የነገርኩት ትላለች፤ ፋብሪካው በሙሉ ያውቃል። ስሟ ያለበትን ጨርቅ የምትሰፋው እሷው ራሷ ናት። አንዳንዴ አንዱን ከፍ አድርጋ ታሳየኝና ወደ ስፌቷ ትመለሳለች።

ድርሻዬ ደርሶኛል። መጀመሪያ አልቀበልም ልል ነበር፣ እጄን የሚያቃጥለኝ መስሎኝ። ከዚያ አንተን አሰብኩህ፤ በነፃ መስጠት ምን እንዳመጣብን አየን። ሠርታበታለች፣ ዋጋዋ ነው። መነፅር ገዛሁበት። አሁን ክሩን በአንድ ጊዜ ነው የማስገባው፤ ሹካዋንም ጣት በጣት አያታለሁ።

ትንሿን ወረቀት አነበብኩ። ሁለት ነገር ጠይቀሃል።

ልምጣ ወይ ላልከው፣ ና። እሑድ ቤት ነኝ። ድምፅህን እለምደዋለሁ፤ ከኋላህ ከሳቀችም ትሳቅ።

ሌላውን ግን አይሆንም። አሁን ነገሩ ካለቀ ዘንድ ሁለተኛውን እግር ደብተሩ ላይ በእርሳስ ልጨርስላት ወይ ብለሃል፤ እንዲሁ ተንጠልጥላ ስታያት ታሳዝንሃለች። ለኔም ታሳዝነኛለች። አትንካት። ቃል ገብተህላታል።

እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ያ ማሽን እግሯ ጋ ደርሶ ቀጥ ሲል እፈራ እንደነበር ጽፌልህ ነበር። አሁንም ከኋላዬ የቆመ ሰው ያለ ይመስለኛል፣ ያቺው አጭሯ። ግን ክሩን ቶሎ አልቆርጥም። መቀሴን አስቀምጬ ትንሽ እታገሣለሁ፤ አለቃችንም አይታ እንዳላየች ታልፈኛለች። ተራው የሷ ነው።

እናቷ